ሳተላይት ጠፋ የሚል ዜና ስታዩ ነገሩን እንዴት ታጣሩታላችሁ

መጀመሪያ የምታዩት መቼ እንደጠፋ ነው፣ ሮኬቱ ከመነሳቱ በፊት ነው ወይስ ከተነሳ በኋላ? ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። አሞስ 6ን ውሰዱ፣ የእስራኤሉ ስፔስኮም ኩባንያ ሳተላይት፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2016 ፍሎሪዳ ኬፕ ካናቬራል ላይ ፋልከን 9 ሮኬት ለሙከራ ነዳጅ እየተሞላ እያለ ፈነዳና ሳተላይቱም አብሮ ነደደ፣ ሊመጥቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። የማምጠቅ ኢንሹራንስ ደግሞ የሚጀምረው ሮኬቱ ለመነሳት ሞተሩ ሲለኮስ ስለሆነ እሱ አልሰራም፣ የሸፈነው የጭነት ኢንሹራንስ ነው። ስለዚህ ኢንሹራንስ አለው ሲሏችሁ የቱ ኢንሹራንስ ብላችሁ ጠይቁ።

ቀጥሎ ምክንያቱን፣ ግን አትቸኩሉ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የሚወራው አብዛኛው ግምት ነው። የዚህኛው ምርመራ ውጤት የወጣው ጃንዋሪ 2017 ነው፣ በሮኬቱ ሁለተኛ ክፍል ፈሳሽ ኦክስጅን ታንክ ውስጥ ያለ የሂሊየም ታንክ ነው የፈነዳው።

ከዛ ማን ተጎዳ? ለኔ ዋናው ይሄ ነው። ፌስቡክና ዩቴልሳት የሚባለው የሳተላይት ኩባንያ ከሰሃራ በታች ላለው አፍሪካ ኢንተርኔት ሊያደርሱበት ተዋውለው ነበር፣ ስንት ሚሊየን ዶላር ተቃጠለ የሚለውን ብቻ አንብባችሁ ካለፋችሁ ኔትወርክ ሲጠብቅ የነበረውን ሰው አታዩትም፣ ስለዚህ ሳተላይቱ የትኛውን አካባቢ ሊሸፍን ነበር የሚለውን ፈልጉ።

ምትኩንም ተከታተሉ። ስፔስኮም ኤሺያሳት 8 የሚባል ሌላ ሳተላይት ተከራይቶ አሞስ 7 ብሎ አሰራው፣ አፍሪካን የሚሸፍነው አሞስ 17 ደግሞ ኦገስት 2019 በዛው በፋልከን 9 ወጣ።