«ረን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ በትክክል ለመጠቀም

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ተቆጣጣሪው «ኢዝ ዘ ማሽን ረኒንግ?» ካለ ማሽኑ እየሠራ ነው ወይ ማለቱ ነው። ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ለዚህ ግስ ከ600 በላይ ፍቺ ይሰጠዋል። ሁሉንም መሸምደድ አያስፈልግም፤ አጠገቡ ያለውን ቃል ማየት ይበቃል።

ባለቤቱ ሰው ከሆነና ተከታይ ከሌለው መሮጥ ነው። ሱቅ ወይም ድርጅት ከተከተለው ማስተዳደር ነው፣ በ«ማኔጅ» ይተካል። ውኃ ከሆነ መፍሰስ፣ አውቶቡስ ከሆነ በመስመሩ መመላለስ፦ «ዘ ባስ ረንስ ፍሮም ደሴ ቱ ኮምቦልቻ»።

ያለፈው ጊዜ «ራን» ነው፤ ከ«ሃቭ» በኋላ ግን ወደ «ረን» ይመለሳል። ተማሪ ፈተና ላይ አዘውትሮ የሚስተው ይህንን ነው።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሹት ትንንሾቹ ተከታይ ቃላት ናቸው። «አይ ራን ኢንቱ ማይ ቲቸር» ካላችሁ፣ ለምሳሌ ደሴ ፒያሳ ላይ፣ መምህሬን ድንገት አገኘሁት ማለት ነው። «ኢንቱ»ን በ«ኦቨር» ከቀየራችሁት መምህሬን በመኪና ገጨሁት ብላችኋል! ስኳር ሲያልቅባችሁ «ዊ ራን አውት ኦፍ ሹገር» በሉ፤ «ኦፍ» መዘለል የለበትም። ባለቤቱ ስኳሩ ራሱ ሲሆን ግን «ዘ ሹገር ራን አውት» ብሎ ያበቃል።

ከአራዳ አነጋገሩ «ረን ኢት ባክ» ድገመው ማለት ነው። «ዶንት ረን ዩር ማውዝ» ዝም ብለህ አትለፍልፍ ነው፤ ለአለቃ ወይም ለታላቅ ሰው ፈጽሞ አይባልም። እንግሊዞች «ዱ ኤ ረነር» የሚሉት ደግሞ ሒሳብ ሳይከፍል ሹልክ ብሎ ለሚወጣ ነው።