ክፍሉ 14፣ ፕሮሰሰሩ 6 ዲግሪ? የሙቀት ንባብ ሲዋሽ

ደሴ፣ ህዳር ወር፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል። የጓደኛዬ ዴስክቶፕ ገና ከመከፈቱ የሙቀት መከታተያ ፕሮግራሙ ፕሮሰሰሩ 6 ዲግሪ ነው ይላል። እኛ ጋቢ ደርበናል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ቴርሞሜትር ግን 14 ነው የሚለው። በፋን ብቻ የሚቀዘቅዝ ፕሮሰሰር ከክፍሉ አየር በታች መውረድ አይችልም። እና ማን ዋሸ? ቁጥሩ። ስለዚህ ፕሮግራሙን ከማመንህ በፊት ክፍልህ ስንት ዲግሪ እንደሆነ እወቅ።

ከክፍሉ በታች የሚያሳየው አሮጌ ኤኤምዲ ኤፍኤክስ ፕሮሰሰር ከሆነ አብሽር፣ አልተበላሸም። ሴንሰሩ የተሠራው ፕሮሰሰሩ ወደ ሙቀት ጣሪያው ሲጠጋ ለማስጠንቀቅ ነው እንጂ ስራ ፈቶ ሲቀመጥ ትክክለኛ ዲግሪ ለመንገር አይደለም። ከባድ ስራ ስጠውና ያኔ አንብብ።

የኤኤምዲን ራይዘን 1700ኤክስ ወይም 1800ኤክስ ፕሮሰሰር ይዘህ ያለ ምንም ስራ 55 ካየህ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ቲሲቲኤል የሚባለው ንባብ ላይ ለፋኑ ቁጥጥር ሲባል ሆን ተብሎ 20 ዲግሪ ይጨመራል፣ 2700ኤክስ ላይ 10። ቲዳይ የሚለውን መስመር እይ፣ ጭማሪ የሌለበት እሱ ነው።

የኢንቴል ፕሮሰሰር ከሙቀት ጣሪያው ወደ ታች ነው የሚቆጥረው። ሴንሰሩ «ጣሪያው ሊደርስ ይህን ያህል ቀረኝ» ይላል፣ ፕሮግራሙ ከጣሪያው ይቀንሳል። ጣሪያው 100 ሆኖ ሳለ ፕሮግራሙ 90 ብሎ ከያዘው ንባቡ ሁሉ በ10 ይወርዳል። ኮር ቴምፕ የሚባለውን የሙቀት ማንበቢያ ፕሮግራም አዲስ ስሪት ጫን፣ ቲጄማክስ (ጣሪያው ማለት ነው) የሚለውንም አረጋግጥ።

127 ዲግሪ የሚል መስመር ካየህ አትደንግጥ፣ ብዙ ጊዜ ምንም ያልተገናኘበት የማዘርቦርድ ሴንሰር ነው። ቁጥሩ ወዲያ ወዲህ የሚዘል ከሆነ ሁለት መከታተያ ፕሮግራም አንድ ላይ ከፍተህ ይሆናል፣ አንዱን ዝጋ። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ከዊንዶውስ በላይ ማሳየቱም ጤነኛ ነው፣ እዚያ ፕሮሰሰሩ ኃይል ወደመቆጠብ አይገባም።

አሁን ቁጥሩ እውነት የሆነበት ጊዜ። የራሴን ኮምፒውተር ኮምቦልቻ ይዤ ወረድኩ። ከደሴ ሞቅ ስለሚል በጥቂት ዲግሪ ከፍ ይላል ብዬ ጠብቄያለሁ፣ ክፍሉ በሞቀ ልክ ፕሮሰሰሩም ይጨምራልና። ግን ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ እንደጀመርኩ በሰከንዶች ውስጥ 100 ገባ፣ ማሽኑም ተንቀራፈፈ። አንድ ጠጋኝ ሳይከፍተው «ሴንሰሩ ሞቷል» አለኝ። የሞተ ሴንሰር ከስራው ጋር እኩል አይወጣም አይወርድም! ቤት ወስጄ ከፈትኩት። ለካ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ በሚኒባሱ መንገጫገጭ ከሂትሲንኩ (ፕሮሰሰሩ ላይ ተቀምጦ ሙቀቱን የሚስበው ብረት) አራት እግሮች አንዱ ተነቅሎ ኖሯል። ሂትሲንኩን በጣቴ ስነካው ይነቃነቃል፣ ከስሩ ያለው ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ደግሞ ደርቆ እንደ ኖራ ተሰነጣጥቋል።

አሮጌውን ፔስት በአልኮል ጠረግኩ። አዲሱን የአተር ፍሬ ታህል መሃል ላይ ጠብ አደረግኩ። እግሮቹን በሰያፍ፣ አንዱን ከዚህ አንዱን ከዚያ፣ «ቀጭ» እስኪሉ ተጫንኩ፣ ጫፋቸው በማዘርቦርዱ ጀርባ መውጣቱንም አየሁ። ያንኑ ቪዲዮ ስከፍት 71 ላይ ቆመ።

አንተም ኮምፒውተር ይዘህ በመኪና ስትጓዝ በጎኑ አስተኛው፣ ሂትሲንኩ ከማዘርቦርዱ በላይ እንዲሆን።