ፖሊሽ ማሽን ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

የኮሮላዬ ኮፈን ጠርዝ ላይ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታክል ግራጫ ነጥብ አለች። መኪናው ጥቁር ሰማያዊ ስለሆነ ከሩቅ ትታያለች። ያመጣኋት እኔ ራሴ ነኝ። ኮምቦልቻ፣ በቀትር ፀሐይ፣ በተዋስኩት ማሽን። ሦስት ሰከንድ ቢፈጅ ነው።

ከዚያ ወዲህ የራሴንም የጎረቤትንም መኪና ፖሊሽ ሳደርግ ቆይቻለሁ። ተቸግሮ የሚደውልልኝ ሰው የመጀመሪያ ቃሉ አንድ ነው፦ «ኮምፓውንዱ ፎርጅድ ሳይሆን አይቀርም።» ኮምፓውንድ ማለት ፓዱ ላይ ጠብ አድርገን ጭረቱን የምናሽበት ሻካራ ቅባት ነው። ፎርጅድም አይጠፋም። ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ሙቀት ነው። ሙቀቱን የሚያመጣው ደግሞ ማሽኑ፣ ፀሐዩ ወይም የራሳችን ክንድ ነው። ሌላ ኮምፓውንድ ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን እዩ።

መጀመሪያ፣ የያዛችሁት ምንድን ነው?

አንዳንድ ጋራዥ ውስጥ ብረት መቁረጫ ግራይንደር ላይ የሱፍ ፓድ፣ ማለትም ቀለሙን የሚነካውን ማሻ፣ ገጥመው ሲያሹ አያለሁ። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ዙር ያህል ይዞራል። ሮታሪ ፖሊሽ ማሽን ቀለም ላይ የሚሠራው ግን ከ1,000 እስከ 1,800 ዙር ባለው ነው። ልዩነቱን አስቡት። በዚህ ጉዳይ ድርድር አላውቅም፤ ግራይንደሩ ወደ ብረቱ ይመለስ።

እውነተኛው ፖሊሽ ማሽን ሁለት ዓይነት ነው። ሮታሪው በአንድ እምብርት ላይ ብቻ ይዞራል። ቶሎ ይቆርጣል፣ ቶሎም ያቃጥላል። ዱዋል አክሽን የሚባለው እየዞረ ወዲያ ወዲህም ይወዛወዛል፤ ስለዚህ ሙቀቱ አንድ ቦታ ላይ አይከማችም። የውዝዋዜው ስፋት በሚሊሜትር ይነገራል፦ 8፣ 15፣ 21። ለሰፊ ኮፈንና ጣሪያ 21 ደስ ይላል። እንደ ቪትዝ ላለ ትንሽና ጥምዝምዝ አካል 8 ይሻላል። አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው 15ን ይውሰድ። ለራሱ አንድ መኪና ብሎ ሮታሪ ሊገዛ ለሚያማክረኝ መልሴ «ተው» ነው።

ምልክት፦ ጥላ ውስጥ ያበራል፣ ፀሐይ ላይ ግን የሚንሳፈፍ ጅራት ያሳያል

ማታ ጋራዥ ውስጥ እንደ መስታወት ያበራ የነበረ መኪና ጠዋት ፀሐይ ሲነካው ጉድ ይሆናል። ማሽኑ የሄደበት መንገድ ሁሉ ጅራት ጅራት እየሠራ ይታያል። እናንተ ስትንቀሳቀሱ እሱም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ጥቁር መኪና ላይ ያስለቅሳል፣ ብር ቀለም ላይ ብዙም አይታወቅ።

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ሮታሪ ከሱፍ ፓድና ከሻካራ ኮምፓውንድ ጋር ነው። ወይም ማሽኑ ተጋድሞ በፓዱ ጠርዝ ብቻ ተሠርቷል። ሥራው ሳያልቅ ቆመ ማለትም ይቻላል፤ ሻካራው ኮምፓውንድ አለፈ፣ ለስላሳው ፖሊሽ አልተከተለም።

መፍትሄው በዚያው ላይ ሰም መቀባት አይደለም። ሰም ይሸፍነዋል እንጂ አያነሳውም። ለስላሳ ስፖንጅ ፓድ ያዙ፣ ለስላሳ ፖሊሽ ጨምሩ፣ የሚገኝ ከሆነም በዱዋል አክሽን ድገሙት። ፓዱን አጋድሙት እንዳትሉ፤ ደልደል ብሎ ይቀመጥ። ከዚያ ከፋርማሲ 70 በመቶ አልኮል ገዝታችሁ፣ አንዱን እጅ ለሦስት እጅ ውሃ በጥብጡና በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጥረጉት። ቅባቱ ሲነሳ እውነቱ ይታያል። በቅርብ የተቀባ ቀለም ላይ ግን አልኮሉን አትሞክሩ።

ምልክት፦ ጠርዙ ላይ ሌላ ቀለም ብቅ አለ

ይሄ የእኔ ታሪክ ነው፣ ስለዚህ ረዘም ላድርገው።

የፋብሪካ ቀለም ከነስሩ ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 140 ማይክሮን ነው። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ናት። ከላይ ያለው ቀለም አልባ ንጣፍ፣ ክሊር የሚባለውና እኛ የምናሸው፣ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው። ከራስ ፀጉር ይቀጥናል። በጠርዝና በመታጠፊያ ላይ ደግሞ ቀለም ሲነፋ ስለሚሸሽ ከዚህም ይሳሳል። ፓዱ ሰፊ ቦታ ላይ ሲተኛ ግፊቱ ይከፋፈላል። ጠርዝ ላይ ሲወጣ ግን ግፊቱ ሁሉ አንድ መስመር ላይ ያርፋል። ስስ ቦታ፣ ብዙ ግፊት፣ ብዙ ሙቀት። ነጥቤ የመጣችው እንዲህ ነው።

ቀትር ላይ መሆኑም አባባሰው። ኮምቦልቻ ከደሴ በግምት 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ብትርቅም በጣም ዝቅ ያለች፣ የሞቀች ከተማ ናት። ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ኮፈን ማሽኑ ሳይነካውም እጅ ያቃጥላል። አሁን መለኪያዬ የእጄ ጀርባ ነው። ላሜራው ላይ አሳርፌው ካልተመቸኝ ማሽኑን አልሰካም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት፣ ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ ጥላ ውስጥ እሠራለሁ።

መፍትሄውን በተመለከተ እውነቱን ልናገር። ክሊሩ ካለቀ ፖሊሽ አይመልሰውም። ትንሽ ከሆነ በቀጭን ብሩሽ ቀለም ማስነካት፣ ሰፊ ከሆነ አካሉን ማስቀባት ነው። ሌላው ሁሉ መከላከል ነው፦ ጠርዙን ሁሉ በቀለም ቀቢዎች የወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። ሰፊውን ቦታ ስትጨርሱ ፕላስተሩን አንሱና ጠርዙን በእጃችሁ አሹት።

ምልክት፦ ማሽኑ ይጮኻል፣ ጭረቱ ግን ንቅንቅ አይልም

ባለፈው አንድ ልጅ ከደሴ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ሞተሩ ደህና ነው፣ ግን ምንም አይሠራም። ሁለት ሰዓት ሙሉ አሸሁት።»

«አብሽር» አልኩት። «ፓዱ የሚለጠፍበት ዲስክ ጎን ላይ በማርከር አንድ መስመር አስምር። ከዚያ እየሠራህ መስመሩን ተመልከት።»

ጥቂት ቆይቶ ደወለ። «መስመሩ ቆሟል!»

ዱዋል አክሽን ሲጫኑት ወይም ሲያጋድሉት መዞሩን ትቶ መንቀጥቀጥ ብቻ ይቀረዋል። ድምፁ ስለማይቀየር ያታልላል። ክንዳችሁን አቅልሉ፤ የማሽኑ ክብደት ብቻውን ይበቃል፣ ቢጨመር ጥቂት ነው። ፍጥነቱን ከስድስት ቁጥር ወደ አራት ወይም አምስት አድርጉት። በሰከንድ ሦስት ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ሂዱ። የመታጠፊያ ቦታ ከሆነ በትንሽ ፓድ ቀይሩ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ማሽኑ ሰነፍ ከሆነ ገመዱን እዩ። ረጅምና ቀጭን ኤክስቴንሽን ኃይል ይበላል።

አንዳንዴ ደግሞ ማሽኑ ምንም አላጠፋም፣ ጭረቱ ነው ጥልቅ የሆነው። ጥፍራችሁን አቋርጣችሁ አሳልፉት። ከያዘው ለፖሊሽ አይደለም፣ ለቀለም ቀቢ ነው።

ምልክት፦ ኮምፓውንዱ ወዲያው ዱቄት ሆኖ ይበናል

«ፎርጅድ ነው» የሚባለው በብዛት እዚህ ላይ ነው። ላሜራው ሞቋል፣ ወይም ፓዱ ደረቅ ነው፣ ወይም ኮምፓውንዱ በዝቷል። ሲበዛም ይበናል፣ ይሄ ብዙ ሰው ያስገርመዋል። ፓዱ ውስጥ የተጠራቀመው አሮጌ ኮምፓውንድና የተፋቀ ቀለም ይጋገራል።

አራት ወይም አምስት የአተር ፍሬ የምታህል ጠብታ ይበቃል። 50 በ50 ሴንቲሜትር ቦታ ወሰኑ። በዝቅተኛ ፍጥነት አሰራጩት፣ ከዚያ አፍጥኑና አንዴ አግድም አንዴ ሽቅብ እያቋረጣችሁ ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ እለፉ። አንድ ቦታ ባለቀ ቁጥር ፓዱን በጥርስ ብሩሽ አራግፉት። ብሩሹ አሮጌ ቢሆንም ግድ የለም።

ደሴ ላይ ችግሩ ይገለበጣል። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጉምም ቅዝቃዜም አለ። ላሜራው ላይ ጤዛ ካለ ኮምፓውንዱ ይቀጥንና እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። ሰዎች ይሄኔ ግፊት ይጨምራሉ። አትጨምሩ። በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ጉሙ እስኪገፈፍ ቡና ጠጡ።

ምልክት፦ ፓዱ የመኪናውን ቀለም ያዘ

እዚህ ላይ ወዲያው ማሽኑን አጥፉ። ግን አትደንግጡ። መኪናው አሮጌ ከሆነና ክሊር የሌለው ባለ አንድ ንጣፍ ቀለም ከተቀባ፣ ፓዱ ቀይ ወይም ነጭ መሆኑ ያለ ነው። ክሊር ያለው ቀለም ላይ ግን ያ የሚሆነው ክሊሩ ሲያልቅ ነው። ለማጣራት በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ የስፖርቴሎው (የበሩ) ውስጠኛ ጠርዝ ላይ፣ በጨርቅና በትንሽ ፖሊሽ በእጅ አሹ። እዚያም ቀለም ከያዘ ባለ አንድ ንጣፍ ነው። እዚያ ንጹሕ ሆኖ ኮፈኑ ላይ ብቻ ከያዘ፣ ወይ ኮፈኑ በሌላ ቀለም ተቀብቶ ነበር ወይ ክሊሩን ጨርሳችሁታል። ሁለቱም ለመቀጠል ምክንያት አይሆኑም።

ምልክት፦ ፓዱ ተገንጥሎ በረረ

መሃሉ ግሎ ማጣበቂያው ቀልጧል። ግፊት ቀንሱ፣ ሦስት ወይም አራት ፓድ ይዛችሁ እያፈራረቃችሁ ሥሩ። መሬት የነካ ፓድ ሳይታጠብ አይመለስ። የኮምቦልቻ አቧራ አንዲት ቅንጣት ገብታ ኮፈኑን ሙሉ ክብ ክብ ታደርግላችኋለች።

ምልክት፦ ከሁለት እጥበት በኋላ ጭረቱ ተመለሰ

ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንዱ፣ ፖሊሹ ውስጥ ያለው ቅባት ጭረቱን ሞልቶት ነበር፤ ሲታጠብ ወጣ። ለዚህ ከላይ ያልኩት አልኮል ገና በሥራው ቀን ያጋልጠዋል። ሁለተኛው፣ ጭረቱ አልተመለሰም፣ አዲስ ነው። ላቫጆ ላይ ከሐረጎ ዳገት የወረደውን የጭነት መኪና ጎማ ያጠበ ስፖንጅ በዚያው ባልዲ ተነክሮ የእናንተን ጣሪያ ሲያሽ ቆማችሁ ተመልከቱ። እኔ አሁን የራሴን ስፖንጅና ሁለት ባልዲ ይዤ ነው የምሄደው፣ አንዱ ለሳሙና አንዱ ለማለቅለቂያ። ልጆቹ መጀመሪያ ይስቁብኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት አንደኛው ስፖንጄን ለሌላ ደንበኛ ሊዋሰኝ ጠየቀኝ። አልሰጠሁትም።