የቆየ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው ወደ ሥራ ለመመለስ፦ ለጎንደር አስታማሚዎች

የአእምሮ ሕመም ያለበትን ዘመዳቸውን ወደ ሥራ ለመመለስ የሚያስቡ ቤተሰቦች አብዛኛውን ጊዜ «መጀመሪያ ፈጽሞ ይዳን» ይላሉ፤ ነገር ግን ስኪዞፍሬንያ (የሌለ ድምፅ እንደ መስማት ያለ ምልክት የሚታይበት) እና ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት) ለዓመታት ክትትል የሚጠይቁ ሕመሞች በመሆናቸው፣ የሚጠበቀው ቀን ሳይመጣ የሰውየው ጉልበትና ሙያ ሊባክን ይችላል። መነሻው እርሱ ራሱ መሥራት መፈለጉ፣ እንቅልፉ መስተካከሉና መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መውሰዱ ነው።

ሥራውን ከመምረጥ በፊት ሰዓቱ ይመረጥ። መድኃኒቱ ጠዋት ጠዋት የሚያደነዝዘው ከሆነ፣ መውሰጃው ወደ ማታ ይዛወር እንደሆነ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም በሚከታተልበት ጤና ጣቢያ ያለውን ባለሙያ መጠየቅ እንጂ በራስ ውሳኔ መጠኑን መቀነስ አይገባም። በከተማችን ዘመድ ቶሎ የሚያስበው ሥራ ጥበቃ ነው፤ ቀላል ይመስላልና። ሆኖም እንቅልፍ ማጣት ባይፖላርን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ስለሆነ፣ የሌሊት ተራ ያለበትን ጥበቃ እኔ አልመክርም፤ ቅዳሜ ገበያ ባለ የዘመድ ሱቅ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ዕቃ እየደረደሩ መጀመር ይሻላል። ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማ መውረድም ምክር የሚያስፈልገው ነገር ነው፤ የቆላው ሙቀት ክሎርፕሮማዚን የተባለውን የስኪዞፍሬንያ መድኃኒት የሚወስደውን ሰው ሊጎዳው፣ ሊቲየም የተባለውን የባይፖላር መድኃኒት የሚወስደውን ደግሞ ላብና ጥም መድኃኒቱን በደሙ ውስጥ ከልክ በላይ ሊያከማቹበት ይችላሉ፤ በየወሩ መርፌ የሚወጋ ከሆነም ቀጠሮው ያልፈዋል። (ሊቲየም የሚወስድ ሰው ውኃ ሳይቀምስ የሚውልበት ጾም ሲመጣም አስቀድሞ ለባለሙያው መንገር አለበት፤ ጸበል የሚጠመቅም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይጠመቅ።)

አሠሪ ተያዥ ሊጠይቅ ይችላልና ተያዡ ቀድሞ ይዘጋጅ። ለአሠሪው የሕመሙን ስም መናገር ግዴታ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ይነገር አይነገር የሚለውን የሚወስነው ሕመምተኛው ራሱ ነው። ብዙ ጊዜ «በወር አንድ ቀን የሐኪም ቀጠሮ አለኝ፣ ትእዛዝም አንድ በአንድ ቢሰጠኝ ይቀናኛል» ማለት ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲያስፈልግ፣ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳትንም እንደሚያካትትና አሠሪው የሥራ ሁኔታውን እንዲያመቻች እንደሚያዝ ማወቅ ይጠቅማል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ደግሞ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው።

ሕመሙ ሲያገረሽ የሚታዩትን ምልክቶች፣ ለምሳሌ ሁለት ሌሊት አለመተኛትን ወይም ሰው መሸሽን፣ ደኅና በሆነበት ጊዜ ከእርሱ ጋር ተነጋግሮ መጻፍ፣ ለባለሙያው የሚደውለውንም ሰው መወሰን ያስፈልጋል። አገርሽቶበት ሲመለስ በቀድሞው ሰዓት ሳይሆን ባነሰ ሰዓት ይጀምር። ደመወዙን ግን፣ ቤተሰቡ ምንም ያህል ቢያስብለት፣ በእጁ ይቀበል።