የሳይክል ካቴና መቀየር እንዳለበት በተማሪ ማስመሪያ ማወቅ

ካቴናው እስኪበጠስ አትጠብቁ። ያለቀ ካቴና ከመበጠሱ በፊት የኋላውን ጥርስ ይበላዋል፣ ከዚያ ሁለቱንም መግዛት ይመጣል።

ባለ 30 ሳንቲሜትር ማስመሪያ ይበቃል። ካቴናውን ጠርጉት። የኋላ ፍሬን ይዛችሁ ፔዳሉን ወደፊት ጫን በሉት፤ የላይኛው በኩል ይወጠራል። ዜሮውን አንድ ፒን (የካቴናውን ቁርጥራጮች የሚያያይዘው ክብ ሚስማር) መሃል ላይ አድርጉና ቀጥሎ ያሉትን ፒኖች እስከ 20 ቁጠሩ። አዲስ ካቴና ከሆነ 20ኛው ፒን መሃሉ 25.4 ላይ ያርፋል። 25.6 ከደረሰ ቀይሩት።

ብረቱ ተለጥጦ አይደለም የሚረዝመው። ፒኑ መጋጠሚያው ውስጥ እየተፋቀ ስለሚሳሳ ነው። እንደ ኮዬ ፈጬ ባለ አቧራማ መንገድ የሚነዳ ሰው ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይለካ። ዘይት የበዛበት ካቴና አቧራውን ይይዝና እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። በጣታችሁ ስትነኩት የሚንኮሻኮሸው ጥቁር ቅባት እሱ ነው። ዘይት ካደረጋችሁ በኋላ ላዩን በጨርቅ ማድረቅ በጣም ይረዳል።

አዲሱን ስታስቆርጡ ከአሮጌው ጎን አጋድማችሁ በርዝመት አታስተካክሉ። አሮጌው ረዝሟል፣ ያሳስታችኋል። የሁለቱን ፒን ቁጠሩና እኩል አድርጉ። ከኋላ ተደርድረው ያሉትን ባለ ጥርስ ክቦች ብዛትም ለሻጩ ንገሩት፤ የካቴናው ስፋት በሱ ይለያያል።

ልኩ 25.7ን ካለፈ ግን አዲስ ካቴና ብቻ ገዝታችሁ አትግጠሙ። ጥርሱም አብሮ ተበልቶ ሊሆን ስለሚችል ዳገት ላይ ስትረግጡት እየዘለለ ሊጥላችሁ ይችላል።