12 ስዊቾችን በአንድ ስክሪፕት፦ የርቀት ሴሽንን በፔክስፔክት እንዴት ማዘዝ ይቻላል

ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ባለ 12 ፎቅ የቢሮ ሕንጻ ውስጥ በየፎቁ አንድ የሲስኮ ስዊች (ኮምፒውተሮችን በኔትወርክ የሚያገናኝ መሣሪያ) አለ እንበል። የሁሉንም ኮንፊገሬሽን (የአሠራር ቅንብር) በየሳምንቱ ባክአፕ ለማድረግ የኔትወርክ ባለሙያው 12 ጊዜ ሎግ ኢን ያደርጋል፣ 12 ጊዜ ያንኑ ትእዛዝ ይጽፋል፣ የወጣውን ጽሑፍ እየገለበጠ ፋይል ላይ ይለጥፋል። ሥራው ለስክሪፕት የተመቸ ይመስላል፤ ነገር ግን ተራ ስክሪፕት ፓስወርዱ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከስዊቹ ጋር በርቀት በተመሰጠረ መስመር የሚያገናኘው ኤስኤስኤች ፓስወርድ የሚቀበለው በቀጥታ ከቴርሚናሉ (ትእዛዝ ከሚጻፍበት መስኮት) ስለሆነ በፓይፕ፣ ማለትም ከሌላ ፕሮግራም የሚላክለትን አይሰማም። ፔክስፔክት የተባለው የፓይተን ላይብረሪ ግን አስመሳይ ቴርሚናል ይከፍትለታል፤ ኤስኤስኤች ፊት ለፊቱ ሰው የተቀመጠ ያህል ይጠይቃል፣ ስክሪፕቱ ይመልሳል። ሐሳቡ የመጣው ዶን ሊብስ በ1990 (እ.ኤ.አ.) ከሠራው ኤክስፔክት ከተባለው ፕሮግራም ነው።

ዝግጅት

ሊኑክስ ያለው ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ዋናው የፔክስፔክት ክፍል ዊንዶውስ ላይ በቀጥታ አይሠራም። አዳዲሶቹ የኡቡንቱ ዓይነቶች በፒፕ (የፓይተን ላይብረሪዎችን በሚያወርደውና በሚጭነው ፕሮግራም) በሲስተሙ ላይ በቀጥታ መጫንን ስለሚከለክሉ መጀመሪያ ቬንቭ፣ ማለትም ለብቻው የተለየ የፓይተን ክፍል፣ ይፍጠሩ፤ ከዚያ ፔክስፔክትን እዚያ ውስጥ ይጫኑ። የሰርቨር ክፍሉ ኢንተርኔት ከሌለው ሌላ ቦታ ላይ በፒፕ አውርደው በፍላሽ ያምጡት። ፋይሎቹ ሁለት ብቻ ናቸው፦ ፔክስፔክት ራሱና የሚደገፍበት ፒቲዋይፕሮሰስ።

ኮድ ከመጻፍዎ በፊት ወደ እያንዳንዱ ስዊች አንድ ጊዜ በእጅ ይግቡ። ኤስኤስኤች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኝ የስዊቹን ቁልፍ ያምኑ እንደሆነ ይጠይቃል፤ የቁልፉን አሻራ (አጭር መለያ ኮድ) አመሳክረው ይቀበሉ። ይህን ጥያቄ ከነጭራሹ የሚያጠፋ አማራጭ አለ፤ አይጠቀሙበት፤ ፓስወርድዎን ለማያውቁት ማሽን ሊያስረክብ ይችላል። በእጅ ሲገቡ ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን ጽሑፍ እስከ ነጥቡና ክፍት ቦታው ድረስ በትክክል ይመዝግቡ፤ ስክሪፕቱ የሚጠብቀው እሱኑ ነው።

ንግግሩ

ሥራው በሦስት ትእዛዞች ይከናወናል። ስፖውን ኤስኤስኤችን ያስነሳል፣ ኤክስፔክት እርስዎ የነገሩት ጽሑፍ እስኪመጣ ይጠብቃል፣ ሴንድላይን መልሱን ጽፎ ኢንተር ይመታል። ስፖውን ላይ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8 ማለትዎን አይርሱ፤ ካልሆነ የሚመለሰው ጽሑፍ ሳይሆን ባይት ነው።

ፓስወርድ የሚለው ጥያቄ በአንዱ መሣሪያ በትልቅ፣ በሌላው በትንሽ ፊደል ይጀምራል፤ የመጀመሪያዋን ፊደል ትተው ቀሪውን ይጠብቁ። ፓስወርዱን ከላኩ በኋላ ኤክስፔክት በአንድ ዝርዝር አራት ነገሮችን ይጠብቅ፦ ፕሮምፕቱን (ስዊቹ ትእዛዝ ለመቀበል ዝግጁ ሲሆን የሚያሳየውን፣ በስሙና በ# የሚያልቅ ምልክት)፣ የፓስወርድ ጥያቄውን ዳግመኛ፣ ኢኦኤፍን (ግንኙነቱ ተዘግቷል) እና ታይምአውትን (የመጠበቂያው ጊዜ አልቋል)። ከአራቱ የትኛው እንደመጣ ከ0 በሚጀምር ቁጥር ይነግርዎታል። የፓስወርድ ጥያቄው ተመልሶ ከመጣ ፓስወርዱ ስሕተት ነው ማለት ነው። ያንኑ ደጋግመው አይላኩ፤ አካውንቱ ሊቆለፍ ይችላል።

አብዛኛው ስክሪፕት የሚበላሸው ፕሮምፕቱ ላይ ነው። # ብቻ ብለው ከጠበቁ፣ የመግቢያው ማስጠንቀቂያ በ# መስመር የታጠረ ሲሆን ስክሪፕቱ ገና እዚያ ላይ «ደረስኩ» ብሎ ትእዛዝ ይልካል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ መልስ በአንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የ3ኛው ጥያቄ መልስ 4ኛው ላይ ይመጣል። ስለዚህ የስዊቹን ስም ከነ# ይጠብቁ። የመስመር መጨረሻ ለማለት በ$ መጠቀምም አይሠራም። ፔክስፔክት ጽሑፉን እየፈሰሰ ስለሚያነበው መጨረሻው የት እንደሆነ አስቀድሞ አያውቅም። በተመሳሳይ ምክንያት፣ «የፈለገው ይምጣ» የሚለውን የነጥብና የኮከብ ምልክት መጨረሻ ላይ ካስቀመጡ ባዶ ነገር ይይዛል።

ፕሮምፕቱ ሲመጣ መጀመሪያ «ተርሚናል ሌንግዝ 0» ይላኩ። ይህ ካልተባለ ስዊቹ ገጽ በሞላ ቁጥር «ሞር» ብሎ ስፔስ እስኪመታ ይጠብቃል፣ ስክሪፕቱም ፕሮምፕት ይጠብቃል፤ ሁለቱ ተፋጠው ይቀራሉ። ፕሮምፕቱን እንደገና ጠብቀው «ሾው ራኒንግ ኮንፊግ» ይላኩ። ያልተነካው የታይምአውት ገደብ 30 ሰከንድ ነው፤ ለዚህ ትእዛዝ 90 ይስጡት። የወጣው ጽሑፍ ቢፎር በሚባለው የፔክስፔክት ማከማቻ ውስጥ ይገኛል፤ የመጀመሪያው መስመር ራሱ የላኩት ትእዛዝ ስለሆነ ቆርጠው ይጣሉት፣ ቀሪውን በስዊቹ ስምና በቀኑ ፋይል ላይ ያስቀምጡ። ከዚያ «ኤግዚት» ልከው ኢኦኤፍ ይጠብቁ።

ሲበላሽ

ታይምአውት ማለት የጠበቁት ጽሑፍ አልመጣም ማለት ነው፤ ኢኦኤፍ ደግሞ ኤስኤስኤች ራሱ ወጥቷል ማለት ነው። መብራት ጠፍቶ የ7ኛ ፎቅ ስዊች ካልተነሳ ሁለቱ ይምታታሉ፤ ኤስኤስኤች ላይ የግንኙነት ገደቡን 10 ሰከንድ ካደረጉት ቶሎ ወጥቶ ኢኦኤፍ ይሰጣል። የእያንዳንዱን ስዊች ሥራ ስሕተት ሲፈጠር ስክሪፕቱ እንዳይቆም በሚያደርጉት በትራይና ኤክሴፕት ይክበቡት፤ አንዱ ስለወደቀ የቀሩት 11 መቅረት የለባቸውም። ገና ሳይገባ ወዲያው ኢኦኤፍ የሚሰጥ አሮጌ ስዊች ከገጠመዎ፣ ብዙውን ጊዜ አዲሱ ኤስኤስኤች የድሮውን የቁልፍ መለዋወጫ ዘዴ ስለማይቀበል ነው። ለዚያ ስዊች ብቻ በኤስኤስኤች ኮንፊግ ፋይል ውስጥ ይፍቀዱለት። ወደ ቴልኔት (ከኤስኤስኤች በፊት ወደነበረው የርቀት መግቢያ) መመለስ መፍትሔ አይደለም፤ ፓስወርዱ በመስመሩ ላይ ሳይመሰጠር ይሄዳል።

ምን እየመጣ እንደሆነ ለማየት ሎግፋይል ሪድን ወደ ስክሪኑ ያዙሩ። ሎግፋይል የሚባለውን ግን አይጠቀሙ፤ የላኩትንም ስለሚጽፍ ፓስወርዱ እዚያ ይቀራል። ፓስወርዱም ስክሪፕቱ ውስጥ አይጻፍ፤ መብቱ 600 በሆነ፣ ማለትም ባለቤቱ ብቻ በሚያነበውና በሚጽፍበት፣ ለብቻው ባለ ፋይል ይቀመጥ።

ስክሪፕቱ በየሳምንቱ በራሱ እንዲነሳ በክሮን (ሥራን በተወሰነ ሰዓት በሚያስነሳው የሊኑክስ ፕሮግራም) ሲያስሩት ሰዓቱን ይጠንቀቁ። እሑድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በክሮን 2 ነው። ሰርቨሩ በዩቲሲ (ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ በሚቆጠረው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ከሆነ ግን 23 ሰዓት ይሆናል፤ ቀኑም ወደ ቅዳሜ ይዞራል፤ የቀኑ ቁጥር በክሮን 6 ነው። ፋይሉ መፈጠሩን ብቻ አይተው አይመኑት። የሲስኮ ኮንፊገሬሽን «ኤንድ» በሚል መስመር ያልቃል፤ ስክሪፕቱ ያን መስመር ካላገኘ ፋይሉን ካልተሳኩት ጋር ይመዝግበው፣ ያለፈውን ሳምንት ባክአፕም አይሰርዝ።