የባቡር ሞዴላችሁ መጫወቻ ሲመስል

አዳማ ተቀምጣችሁ የድሮውን የናዝሬት ባቡር ጣቢያ በትንሹ መሥራት ጀምራችሁ ነገሩ አልጥም ካላችሁ፣ ከምልክቱ ተነስተን መንስኤውን እንፈልግ።

ሁሉም ነገር አለ፣ ግን መጫወቻ ይመስላል

ብዙውን ጊዜ መንስኤው መታጨቅ ነው። አንድ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ዙር ሐዲድ፣ ዋሻ፣ ድልድይና ሁለት ጣቢያ ይደረደራል። ባቡሩ ጭራው ከአንዱ ጣቢያ ሳይወጣ አፍንጫው ሌላው ውስጥ ይገባል።

እስቲ አስሉት። ከአዳማ አዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ1፡87፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ ሲያንስ እንኳ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። መንገዱን በሙሉ የሚችል ቤት የለም። ስለዚህ አንድ ቦታ ምረጡ። እኔ ጣቢያውን ብቻ ብትሠሩ እላለሁ፦ አንድ ዋና ሐዲድ፣ ባቡሮች የሚተላለፉበት አንድ የጎን ሐዲድ፣ አንድ የጭነት ማራገፊያ። የቀረው ሐዲድ ከጀርባ ሰሌዳው ኋላ ይደበቅ። የጠረጴዛውን ግማሽ ያህል ባዶ መሬት ተዉት። ባቡሩ ከሩቅ የመጣ የሚመስለው በዚያ ባዶ መሬት ነው።

ከዚያ ስልካችሁን ሐዲዱ ላይ አስቀምጡና ፎቶ አንሱ። ዓይን ያለፈውን ካሜራው ያጋልጣል። መጀመሪያ የሚታየው የሐዲዱ ጎን ማብረቅረቅ ነው። ጎኑን የዝገት ቀለም ቀቡት፤ አናቱን ግን ቀለሙ ሳይደርቅ ጥረጉት፣ ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በእሱ ነው።

ባቡሩ የድሮው ነው፣ ሐዲዱ ግን ሰፋ

የድሮው የጅቡቲ መስመር ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። አዲሱ 1435 ሚሊ ሜትር ነው። በ1፡87 የተለመደው የ16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ልክ የአዲሱ ነው። ለድሮው 12 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል። እሱ ካልተገኘ አዲሱን መስመር ሥሩ፤ ግን በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ ምሰሶውንና ሽቦውን እንዳትረሱ።

መሬቱ አዳማን አይመስልም

የተገዛው ሣር በጣም አረንጓዴ፣ ዛፉም ጥድ ስለሆነ ነው። የሰፈራችሁን አፈር በጥሩ ወንፊት ንፉ። ከመበተናችሁ በፊት ማግኔት አሳልፉበት፦ የስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ አፈር ብረት ያለው ቅንጣት ይይዛል፣ ያ ደግሞ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። የእንጨት ኮላ በውሃ አቅጥናችሁ ጥቂት ጠብታ ላርጎ ጨምሩበትና አፈሩ ላይ አንጠባጥቡ። ለግራር ደረቅ ጭራሮ ይበቃል፤ አናቱን ጠፍጣፋ አድርጉት።

ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ከሐዲድ ይወጣል

ቦታው ላይ ግራና ቀኝ የሚዞሩ ሁለት ኩርባዎች ተጣብቀው ይሆናል። በመካከላቸው የረጅሙን ፉርጎ ያህል ቀጥ ያለ ሐዲድ አስገቡ። እንዲህ ያለ ኩርባ ከሌለ የሐዲዱን መጋጠሚያ በጣት ዳብሱት፣ ጠርዙ ከፍ ብሎ ከሆነ በሞረድ አለስልሱት።

ይቆማል፣ ይነሳል

የአዳማ ንፋስና አቧራ! ሐዲዱን ክር በማይለቅ ጨርቅና በአልኮል ጥረጉ። ብርጭቆ ወረቀት አትጠቀሙ፣ ጭረቱ ቆሻሻ ይይዛል። ባቡሩ የሚደክመው ከኃይል ምንጩ ሲርቅ ብቻ ከሆነ ግን ችግሩ መጋጠሚያዎቹ ናቸው፤ ኃይሉ እዚያ ይባክናል። በየሜትሩ ከኃይል ምንጩ የሚመጣ ሁለት ሽቦ ከሐዲዱ ሥር በካውያ በይዱ። ሥራ ስትጨርሱ ላዩ ላይ ላስቲክ ጣል አድርጉ።